የሕዝብን ሥዕሎች ለሕዝብ ዓይን ያቆዩት ወይዘሮ እንኳየሁ አዘዘ (1952–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ እንኳየሁ አዘዘ ከአባታቸው ከአቶ አዘዘ አዳነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ተሰማ በኅዳር ወር 1952 ዓ.ም. ከእንፍራንዝ ከተማ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመሥሪያ ቤት ፎርም ላይ ኅዳር 12 ብለው የሞሉት የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለሆነ እንጂ ማስረጃ ኖሯቸው እንዳልሆነ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

አባታቸው ገበሬ ነበሩ። ከእርሻ በሚተርፋቸው ጊዜ ብራና እያዘጋጁ በአካባቢው ላሉ ጸሐፍት ያቀርቡ ነበር። ወይዘሮ እንኳየሁ ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው የተሰጣቸው ሥራ በእንጨት ላይ የተወጠረውን ቆዳ መጠበቅ ነበር። ፀሐይ ሲበረታ ወደ ጥላ ያዞሩታል፤ ደመና ሲመጣ ወደ ቤት ያስገቡታል። ቆዳ በእርጥበት እንደሚረግብ፣ በፀሐይ እንደሚኮማተር፣ ተቻኩለው ከሳቡትም እንደሚቀደድ ያወቁት ያኔ ነው። አባታቸው "ቆዳ ሞቷል ብለሽ አትናቂው፤ ዝናቡን ካንቺ ቀድሞ ያውቃል" ይሏቸው ነበር። ኋላ ለሠሩት ሥራ ይህን ያህል የጠቀማቸው ሌላ ትምህርት የለም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በእንፍራንዝ ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ወደሚኖሩት አክስታቸው መጡ። እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተማሩ። ዐሥራ አንደኛን ያልቀጠሉት አክስታቸው ታምመው የቤቱ ሥራ በእርሳቸው ላይ ስለወደቀ ነው። በ1972 ዓ.ም. ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በሚገኝ፣ ጣሊያን በሠራው ባለ ሁለት ፎቅ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ መሥሪያ ቤት አልቀየሩም።

በ1975 ዓ.ም. በዚያው ሕንፃ በአናጺነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ በላቸው መኰንን ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጸሙ። ሃናን እና እፀገነትን ወለዱ። አቶ በላቸው ጸጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በቤቱ የሚናገሩት ወይዘሮ እንኳየሁ፣ የሚጠግኑት አቶ በላቸው ነበሩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት እንዲሁ ተስማምተው ኖሩ።

ስለ ደግነታቸው ሌላው ሰው ይናገር፤ የሚናገርም አይጠፋም። እዚህ የሚነበበው ያደረጉት ነው።

በ1976 ዓ.ም. መንግሥት ለሕንፃው ዐሥራ አንድ ሥዕሎች አሠራ። ሠዓሊው በከተማው የሥዕል መምህር የነበሩት አቶ ወልደኢየሱስ ናቸው። ከሥዕሎቹ ትልቁ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ሲሆን የእንፍራንዝን ገበያ ያሳያል። በመሐሉ አንዲት ሴት ሽንኩርቷን ከፊቷ ዘርግታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ለሽያጭ የቆመ ክብ ቢጫ ሰፌድ አለ። አቶ ወልደኢየሱስ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ ስለነበሩ የሴትዮዋ ዓይኖች ትልልቅ ናቸው፤ ፊቷም ሙሉ በሙሉ ወደ ተመልካቹ ዞሯል።

ሥዕሎቹ እንደመጡ ዐሥሩ በኃላፊዎች ቢሮ ተሰቀሉ። ትልቁ በአንዱም ቢሮ በር ስላልገባ ባለጉዳይ በሚጠብቅበት ኮሪደር ቀረ። ወይዘሮ እንኳየሁ ሁሉንም ክፍሎች የሚያጸዱ ሰው ስለነበሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ኃላፊዎቹ ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። በኮሪደሩ ያለውን ግን በቀን መቶ፣ ሁለት መቶ ሰው ያየዋል። ከአርማጭሆና ከጭልጋ የመጣ ገበሬ ተራው እስኪደርስ ግማሽ ቀን ሽንኩርት ነጋዴዋን ሲያይ ይውላል፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋርም "ይች አህያ የቆመችበት የማን በረት ነው?" እያለ ይከራከራል። ከዚያ ጀምሮ ወይዘሮ እንኳየሁ አንድ ጥያቄ ይዘው ኖሩ። የሕዝብ ንብረት ከሆነ ሕዝቡ በሚቀመጥበት ይሰቀል። ለአርባ ዓመት የጠየቁት ይህንኑ ነው።

በ1977 ዓ.ም. አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ለበዓል ቤቱ እንዲያምር ብላ ከትንንሾቹ ሥዕሎች አንዱን በሳሙናና በውኃ አጠበችው። በሥዕሉ ላይ የነበረችው ፍየል ሁለቱንም ጆሮዎቿን አጣች። አቶ ወልደኢየሱስ ተጠርተው መጡና አይተው ወንበር ጠየቁ። ወይዘሮ እንኳየሁ ወንበሩን ካመጡላቸው በኋላ "እኔን ያስተምሩኝ" አሏቸው። አቶ ወልደኢየሱስም ሁለት ክረምት ሙሉ አስተማሯቸው። ሸራ በእርጥብ ጨርቅ እንደማይነካ፣ አቧራው ከላይ ወደ ታች በለስላሳ የፍየል ጠጉር ብሩሽ እንደሚራገፍ፣ ምስጥ የሚጀምረው ከጀርባ ስለሆነ ከፊቱ በፊት ጀርባው እንደሚታይ አሳዩዋቸው። ሸራ በክረምት እንደሚረግብ ሊነግሯቸው ሲጀምሩ ግን ወይዘሮ እንኳየሁ "እሱን አውቀዋለሁ" ብለው በማዕዘኑ ያለውን ሽብልቅ መታ መታ አድርገው ወጠሩት። መምህሩ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። አቶ ወልደኢየሱስ በ1983 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥዕሎቹን የሚያውቅ ሰው ወይዘሮ እንኳየሁ ብቻ ነበሩ።

በ1985 ዓ.ም. የሥራ መደባቸው ተለውጦ የንብረት ጥበቃ ሠራተኛ ሆኑ። አቶ በላቸው ደግሞ ነቀዝ የበላቸውን ክፈፎች አንድ በአንድ በዋንዛ እንጨት ቀየሩ።

የኮሪደሩ ሥዕል ሌላ ችግር ነበረበት። አግዳሚ ወንበሩ ከሥሩ ስለነበረ ፀጉራቸውን ቅቤ የተቀቡ ሴቶች ሲደክማቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ ያስደግፋሉ። ወይዘሮ እንኳየሁ ማንንም አልተቆጡም ብንል ውሸት ነው፤ ሁሉንም ተቆጥተዋል። በመጨረሻ ግን ሰውን ከመቆጣት ወንበሩን ማንሣት እንደሚቀል ተረድተው ወንበሩን ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ አዛወሩት። ቅቤው ቀረ፤ ሰውም ሥዕሉን ፊት ለፊት ማየት ጀመረ።

በቢሮ ያሉትን ዐሥሩን ለማውጣት ደግሞ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ሌላው እስኪመጣ ሁልጊዜ ጥቂት ቀናት ክፍተት ይኖራል። በእነዚያ ቀናት ሥዕሉን "ለጽዳት" ብለው ያወጡና በኮሪደሩ ወይም በደረጃው ላይ ይሰቅሉታል። አዲሱ ኃላፊ በቢሮው ሥዕል እንደነበረ ስለማያውቅ አይጠይቅም። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ስምንቱ ወጡ። የቀሩት ሁለቱ ሳይነሡ በቆዩ ሁለት ኃላፊዎች ቢሮ ነበሩ።

ከሕንፃው ማስወጣት ግን በሞዴል 22 ብቻ ነበር፤ ያለዚህ የንብረት ወጪ ቅጽ ምስማር እንኳ አይወጣም ብለው ያምኑ ነበር። አንድ ኃላፊ ለልጃቸው ሠርግ አዳራሽ ማስዋቢያ ሁለት ሥዕሎች ለሦስት ቀን እንዲሰጧቸው ጠይቀው ነበር።

"ምን ችግር አለው እንኳየሁ? ለሙሽራ እኮ ነው" አሉ።

"ምንም ችግር የለውም ጌታዬ። ሙሽራዋ መጥታ በሞዴል 22 ትፈርም" አሏቸው።

ሠርጉ በአበባ ደመቀ።

በ2003 ዓ.ም. ግን የተሳሳቱት ወይዘሮ እንኳየሁ ራሳቸው ናቸው። በሕይወት ታሪክ ስሕተት አይጻፍም የሚሉ አሉ። ይህ ካልተጻፈ የቀረው አይገባምና ይጻፋል።

ከሕንፃው በስተምዕራብ የነበሩት ባሕር ዛፎች በዚያ ዓመት ስለተቆረጡ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ትልቁ ሥዕል ላይ ማረፍ ጀመረ። የሽንኩርቱ ቀለም ሲደበዝዝ አዩ። ሥዕል ከፀሐይና ከአቧራ ሲጠበቅ ያዩት በቤተ ክርስቲያን ነውና ሌላ መላ አልታሰባቸውም። ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነ ቀይ መጋረጃ አሰፍተው ሥዕሉን ጋረዱት። ጠዋት ይገልጡታል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይዘጉታል።

ከትክል ድንጋይ ወዲያ የመጡ አያ ሰውአገኝ የተባሉ ገበሬ የመሬት ፋይላቸው ጠፍቶ ሦስት ዓመት ተመላልሰው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኮሪደሩ ሲገቡ ወይዘሮ እንኳየሁ መጋረጃውን ሲገልጡ ደረሱ። ቀይ መጋረጃ፣ ትልልቅ ዓይን ያላት ሴት፣ ከራሷ ኋላ ክብ ቢጫ ነገር። አያ ሰውአገኝ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሰገዱ፤ ስለ ፋይላቸውም ለመኑ። ፋይሉም በዚያው ቀን ከመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን ኋላ ወድቆ ተገኘ።

ወሬው በትክል ድንጋይ ገበያ አደረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፋይል የጠፋበት ሁሉ፣ በቅሎ የጠፋችበት አንድ ሰው ሳይቀር፣ ጫማውን በኮሪደሩ አፍ ላይ አውልቆ መግባት ጀመረ። ወይዘሮ እንኳየሁ አያ ሰውአገኝን ለምስጋና በሰገዱበት አገኟቸው።

"አያ ሰውአገኝ፣ ይነሡ። ይህች ሽንኩርት ነጋዴ ናት። የእንፍራንዝ ሴት ናት። ለሽንኩርት ነጋዴ አይሰገድም።"

"ምነው እታለም! የመዝገብ ቤቱ ልጅ ሦስት ዓመት ያጣውን በአንድ ቀን አስገኝታ?"

"ፋይሉ እኮ የተገኘው ከቁም ሣጥን ኋላ ነው።"

"እኮ! ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ እንዲያደርግ ማን አሳሰበው?"

ወይዘሮ እንኳየሁ ይህን ሲተርኩ ይስቁ ነበር። የዚያን ጊዜ ግን አልሳቁም። የአጥቢያቸውን ካህን አምጥተው አስረዱ፤ ግማሹ ሰው ተረዳ። በማግስቱ አንድ ሰው ከሥዕሉ ሥር ጧፍ አብርቶ ሄደ። ጭሱ የሥዕሉን የታችኛውን ጠርዝ አጠቆረው፤ እሳት ሳይነሣ የቀረው ጥበቃው ስለደረሰ ነው።

የጊዜው ኃላፊ አቶ እንግዳው ነበሩ። "ይህ መሥሪያ ቤት ነው፣ ደብር አይደለም። ዛሬውኑ ይውረድ" አሉ። በኮሪደሩና በደረጃው ላይ ያሉትን ስምንቱንም ጨምረው አዘዙ፤ "ነገ ደግሞ ጆሮ ለሌላት ፍየል ይሰገዳል" ብለው። ዘጠኙ ሥዕሎች በደረጃው ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ገቡ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ውኃ ያልባል። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ዘንድ ለማድረስ የደከሙባቸው ሥዕሎች በራሳቸው መጋረጃ ምክንያት ከሰው ዓይን ጠፉ። ወይዘሮ እንኳየሁ አልተከራከሩም፤ አቶ እንግዳው ጧፉን በተመለከተ ትክክል ነበሩና። በየሳምንቱ ዓርብ ዕቃ ቤቱን ከፍተው የሸራውን ጀርባ መዳሰስ ብቻ ቀጠሉ። መጋቢት ላይ ደረቅ ነበር። ሚያዝያ ላይ በአንድ ጥግ ሻጋታ አገኙ።

አያ ሰውአገኝ ለመሬት ካርታቸው ሲመጡ ግድግዳው ባዶ ሆኖ አገኙት።

"እታለም፣ የት ሄደች?"

"ታሰረች።"

"በኔ መዘዝ?"

"በኔ መጋረጃ ነው እንጂ በእርስዎ አይደለም።"

"የማን ንብረት ናት?"

"የመንግሥት። ማለትም የሕዝብ።"

"እንግዲያ እኔ ምኗ ነኝ?" አሉና ወጡ።

ከበሩ ውጭ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ያለ ክፍያ የጻፈላቸው ወረቀት ቅጂ በቤተሰቡ እጅ አለ። አርባ ሦስት ሰዎች ፈርመውበታል፤ አብዛኞቹ በአውራ ጣታቸው። እንዲህ ይላል፦ "ሽንኩርት ነጋዴ መሆኗን አውቀናል። አንሰግድም፣ ጧፍም አናበራም። ነገር ግን ጉዳያችን እስኪደርስ የምናየውን ነገር ወስዳችሁብናል። ሥዕሏ የሕዝብ ናት ተብለናል። ሕዝቡ እኛ ነን። ስለዚህ ትመለስልን።"

አቶ እንግዳው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሥራ ዘመናቸው ስለ ሥዕል የቀረበላቸው የመጀመሪያው አቤቱታ ነበር። ወይዘሮ እንኳየሁን አስጠርተው ጠየቁ።

"ብመልሰው ፀሐዩንስ ምን ታደርጊዋለሽ? ያን መጋረጃ እንደሆነ አልፈቅድም።"

ወይዘሮ እንኳየሁ አንድ ቀን ጠየቁ። በማግስቱ ያንኑ ቀይ መጋረጃ ይዘው መጡና ከሥዕሉ ፊት ለፊት ያለው መስኮት ላይ ሰቀሉት። ፀሐዩ ቆመ። ሥዕሉም እንደማንኛውም ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ ሆነ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስትሠሪ ይህን መስኮት አላየሽውም?" አሏቸው አቶ እንግዳው።

"ሥዕሉን ነበር የማየው" አሉ።

ሥዕሎቹ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ ወጡ። ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ አነሡት፤ የጧፉን ጥቁረት ግን አልነኩትም። ቢነኩት ከሥሩ ያለው ቀለም አብሮ ይነሣ ነበር። አሁንም እንዳለ አለ። አያ ሰውአገኝም ካርታቸውን እስኪወስዱ ድረስ ሲመጡ ሥዕሉ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን ብቻ ያነሡ ነበር። "ለሽንኩርት ነጋዴም ቢሆን ሰላምታ ይገባታል፤ ሸጋ ሴት ናት" ይሉ እንደነበር ወይዘሮ እንኳየሁ ይናገሩ ነበር።

አቶ በላቸው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። በ2011 ዓ.ም. ሕንፃው ለጥገና ሲዘጋ ወይዘሮ እንኳየሁ ዐሥራ አንዱንም ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጠው ለመጋዘኑ ኃላፊ በፊርማ አስረከቡ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በዚያው በሞሉት የልደት ቀን ጡረታ ወጡ። የምስጋና ወረቀትና አንድ ጋቢ ተሰጣቸው። በሳምንቱ መጋዘኑ በር ላይ ተገኙ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለሁላችንም የሚታወቁ ናቸው። መሥሪያ ቤቶች የተዘጉበትም፣ መንገድ የተዘጋበትም ጊዜ ነበር። ወይዘሮ እንኳየሁ መንገድ ባለበት ሳምንት ሁሉ መጋዘኑን አይተዋል። መሥሪያ ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ። ስለ ሥዕሎቹ ሲጠይቁ ግድግዳው ቀላል ስለሆነ ክብደት አይችልም ተባሉ። ባለሙያ አነጋግረው ከወለሉ የሚነሣ የእንጨት ማቆሚያ በወረቀት አሥለው ለአዲሷ ኃላፊ አቀረቡ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ዐሥራ አንዱም በአዳራሹ ቆሙ። በኃላፊዎች ቢሮ ቀርተው የነበሩት ሁለቱም አብረው ስለወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ታዩ።

ወይዘሮ እንኳየሁ ግን ወዲያው አላዩአቸውም። ያን ጊዜ የኩላሊት ሕመማቸው ጠንቶ በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። ሊያዩ በሄዱበት የመጀመሪያ ቀን አዲሱ በር ላይ ያለው ወጣት ጥበቃ አስቆማቸው።

"እማማ፣ ምን ጉዳይ አለዎት?"

"ሥዕል ለማየት ነው የመጣሁ።"

"እሱ ጉዳይ አይደለም። ጉዳይ የሌለው ሰው አይገባም ተብለናል።"

ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ወይዘሮ እንኳየሁም ይህን ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም ሰደቡት፤ ከዚያ ወደ ቤት ተመለሱ። በሳምንቱ አቶ እንግዳውን ይዘው መጡ። አቶ እንግዳውም ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቢሆንም በር ላይ የሚያውቃቸው አይጠፋም ብለው አስበው ነበር።

"እኔ እኮ እዚህ ኃላፊ ነበርኩ" አሉት ጥበቃውን።

"አባቴ፣ ነበርኩም ጉዳይ አይደለም" አላቸው።

ሁለቱ ጡረተኞች ከበሩ ውጭ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ እንኳየሁ "አሁን ገባዎት አቶ እንግዳው?" አሉ። "ገባኝ" አሉ አቶ እንግዳው። አቶ እንግዳው ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ይህ እንዲነበብም የፈቀዱት እርሳቸው ናቸው።

ማመልከቻውን ሁለቱ አብረው ጻፉ። ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ሥዕሎቹ ሕዝብ እንዲያያቸው ከወጡ፣ ሊያያቸው የመጣ ሰው በበሩ የሚመለስበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ጠየቁ። የተጻፈ ምክንያት ማግኘት አልተቻለም። ኃላፊዋ በየካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በበሩ ላይ ማስታወቂያ አስለጠፉ፦ "ሥዕሎቹን ለማየት የሚመጣ ማንኛውም ሰው ባለጉዳይ ነው።"

ረቡዕ የካቲት 26 ቀን ልጃቸው እፀገነት በተሽከርካሪ ወንበር ወሰደቻቸው። ጥበቃው በሩን ራሱ ከፈተላቸው። በአዳራሹ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። አምስተኛው ሥዕል ወደ ግራ እንዳዘነበለ ተናግረው አስተካከሉት። ራሱን ሥዕል ላይ ያስደገፈን አንድ ጎልማሳ ተቆጡ። ሲወጡ በጽዳት የምትሠራውን ልጅ ጠርተው የምትጠቀምበትን ብሩሽ ጠየቋት፤ አይተውም "ይሄ ለጫማ ነው" አሏት። በማግስቱ የራሳቸውን ላኩላት።

ሕመማቸው ከዚያ በኋላ በረታ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በቤታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ እሑድ መጋቢት 14 ቀን በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ወይዘሮ እንኳየሁ አዘዘ ሁለት ሴት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመሟቸው፣ ለዕድራቸው አባላት፣ ከእንፍራንዝና ከትክል ድንጋይ መንገድ አቋርጠው ለመጡ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

በስማቸው አበባ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ እንዲተወው ይለመናል። በምትኩ ከሠልስት በኋላ ባሉት የሥራ ቀናት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት አዳራሹ ክፍት ነው። መታወቂያ ያዙ። በር ላይ ምን ጉዳይ አላችሁ ብትባሉ ሥዕል ለማየት ነው በሉ። ሰው ካልመጣ ማስታወቂያው መነሣቱ አይቀርምና ሂዱ።

እግዚአብሔር አምላክ የእኅታችንን፣ በክርስትና ስሟ የወለተ ሚካኤልን፣ ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ በደጁም አያስቁማት። አሜን።